ጉማራን ያስገዘተችው ፈንታነሽ

ፈንታነሽ ከብርሃኑ ጋር ስትፋታ በሬዎቹን እሱ ወሰደ፣ ወንዙን እሷ ወሰደች። ሽማግሌዎቹ እንደዚህ ብለው አልፈረዱም። እነሱ ያሉት «ጥማድ በሬው ለእሱ፣ ላሟና ጓሮው ለእሷ» ነው። ላሟ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ጓሮው ደግሞ ዱባ ካበቀለ ጎረቤት እየመጣ የሚያየው ዓይነት ጓሮ ነው። ስለዚህ አንድ ማለዳ ረጅም ሸንበቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጉማራ ወረደች። በዚያው ዓሣ አጥማጅ ሆና ቀረች።

ሰው ሳቀ። ሴት ልጅ ውሃ ልትቀዳ፣ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ትወርዳለች እንጂ መንጠቆ ጥላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትል በዚያ አገር የታየ ነገር አልነበረም። ደግሞስ ፈንታነሽ የጉና ልጅ አይደለችም? ጉና ላይ ገብስ አለ፣ ድንች አለ፣ በግ አለ፣ ጥርስ ከጥርስ የሚያጋጭ ብርድ አለ፤ ዓሣ የለም። ወደዚህ ወደ አንበሳሜ ዙሪያ የመጣችው በሙሽርነቷ ነው። መጀመሪያ ዓሣ ያየች ቀን፣ «ይኼ ነገር ሲተኛም ዓይኑን አይከድን?» ብላ ጠይቃ አማቷን ከሳቅ ብዛት ምሰሶ አስይዛለች። ብርሃኑማ እስከዛሬም ዓሣ አይበላም። እጅ ይገማል ነው የሚለው። እሱ ከበሬ ጋር ውሎ የሚገባ ሰው ነው እንግዲህ።

ያስተማሯት አያ ይሻው ናቸው። አያ ይሻው በጉማራ ዳር መንጠቆ ከሚጥሉት ሁሉ ትልቁ ሰው ሲሆኑ፣ ትምህርታቸውም አጭር ነበር።

«ትሉን እንደዚህ ትሰኪያለሽ፤» አሏት። «ክሩን እንደዚህ ትጥያለሽ። ከዚያ ቁጭ ነው።»

«ከዚያስ አያ?»

«ከዚያማ ቁጭ ነው። ዓሣ የሚይዘው መንጠቆው መስሎሻል? መቀመጫሽ ነው የሚይዘው።»

ፈንታነሽ ተቀመጠች። መጀመሪያ ወገቧ እንቢ አለ፤ ቀጥሎ ጉልበቷ፤ በኋላ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ዝም አሉ። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ እሽ የማትል ሆነች። የያዘችውን አንበሳሜ ወስዳ ገበያው ጠርዝ ላይ ዓሣ ለምትጠብሰው ለዙለይካ ትሸጣለች። በዚያም ጤፏን ገዛች፣ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰች፣ ብርሃኑ ገበያ ላይ ባያት ቁጥር ሰላምታ የሚያስረዝምባት ሴት ሆነች።

እንደዚህ እየኖረች ሳለ ዓሣው ይጠፋ ጀመር።

የጠፋበትን ምክንያት አገሩ ሁሉ ያውቃል። ክረምት ላይ የጉና ዝናብ ጉማራን ሲያቀላው ነጭ ዓሣ ከጣና እየተነሳ ሽቅብ ይወጣል። የሚወጣው ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ገብቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ሊጥል ነው። ይኼን ጊዜ የጅረቱን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የሚመጣውን ዓመት ዓሣ አብሮ ከነእናቱ አፈሰ ማለት ነው። መረቡ ደግሞ የዱሮው የገመድ መረብ አይደለም። ከሐይቁ ዳር የሚመጣ ቀጭን የላስቲክ መረብ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከገባ ዓሣውም አያየው፣ ሰውም አያየው።

የመረቡን ባለቤት ግን ሁሉም ያየዋል። በላይነህ ይባላል። የእድሩ ዳኛ ነው። ቁመቱ ያማረ፣ ንግግሩ ያማረ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሐዘንተኛው ራሱ ተነስቶ ቦታ የሚለቅለት ሰው። የእድሩ ድንኳን እሱ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የሬሳ አልጋው ሳይቀር እሱ ቤት ነው። በዚያ መንደር ሰው ሞተ ማለት መጀመሪያ ወደ በላይነህ ደጅ ይኬዳል ማለት ነው። እንግዲህ ማን ተነስቶ «ዓሣችንን ጨረስክብን» ይበለው? ሁሉም አንድ ቀን ሟች ነው።

ፈንታነሽ ቀበሌ ሄደች። «ሲረጋጋ እናየዋለን» አሏት። ከወረዳ የዓሣ ባለሙያ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ደህና ልጅ ነው። እንቁላል በሚጣልበት ወራት መረብ በሕግ ክልክል መሆኑን ጥርት አድርጎ አስረዳ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የምስጋና ንግግር ያደረገው በላይነህ ነው። ከዚያ መንገዱ ተበላሸና ባለሙያው ተመልሶ መምጣት አልቻለም።

በሐምሌ መጨረሻ መንጠቆኞቹ ከጉማራ መሻገሪያ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። አያ ይሻው አሉ፣ ፈንታነሽ አለች፣ አፉ የማያርፈው ምናለ አለ፣ ሌሎችም አሉ።

«መረቡን በቢላ መቦጨቅ ነው፤» አለ ምናለ።

«ከዚያ ሌባው እኛ እንሆናለን፤» አሉ አያ ይሻው።

«ለእድር እንክሰሰው።»

«ለማን ነው የምትከሰው? ዳኛው እኮ እሱ ነው።»

«ታዲያ ሲሞት እንፋረደዋለን?»

«ድንኳኑ ያለው እሱ ቤት ነው፤» አሉ አያ ይሻው። «እኛ ቀድመን ብንሞት ነው የሚያሳስበኝ።»

ፈንታነሽ ያን ጊዜ ነው «ለአባ እነግራለሁ» ያለችው። አባ ደሳለው የኪዳነ ምሕረት አስተዳዳሪ ናቸው፤ የእሷም የነፍስ አባት፣ የበላይነህም የነፍስ አባት። ሄዳ መስቀል ተሳለመች። አባ ሥራ እንደሚበዛባቸው ስለምታውቅ ነገሯን አሳጠረች። ስህተቷም እዚያ ላይ ነው።

«አባቴ፣ ጉማራን ይገዝቱልን።»

«ጉማራን?»

«አዎ አባቴ። ዓሣው አለቀ። መረቡ ጨረሰው።»

አባ ደሳለው ጢማቸውን አሻሹ። «ሰው ለይቼ አልገዝትም፤ ሁላችሁም ልጆቼ ናችሁ። ለመሆኑ ያንቺ መንጠቆ እንቁላል ያዘለችዋን ዓሣ ለይቶ ያልፋታል?»

«መንጠቆ ምን ዓይን አለው አባቴ፤» አለች።

«በይ ሂጂ። ለእሑድ ይሁን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ደሳለው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ወጡ። መንጠቆኞቹ ነጠላቸውን አሳምረው፣ የበላይነህን ፊት ለማየት በሚመች በኩል ቆመዋል። አባም እንዲህ አሉ፦ «ከፍልሰታ መግቢያ እስከ መስቀል ድረስ ከጉማራና ከገባሮቹ ዓሣ ያወጣ፣ ያወጣውን የሸጠ፣ የተሸጠውን የገዛ፣ በኪዳነ ምሕረት ስም ገዝቻለሁ።»

ሰው እጅ ነሣ። ምናለ ወደ ፈንታነሽ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እታለም፣ ይኼ እኛንም ነው?»

«ዝም በል።»

«አይ፣ ‹ያወጣ› ነው ያሉት። መረብ አላሉም እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ዝም በል።»

የበላይነህ ፊት እንደታሰበው አልሆነም። ከአጥሩ በር ሲወጡ ጠብቋቸው ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አለ። «እንግዲህ አንድ ላይ ጾመኞች ሆንን፤» አላቸው። «እኔ ሱቅ አለኝ፣ ችግር የለብኝም። አንድ መንጠቆ ውሃ የነካ ዕለት ግን ግዝቱ ፈረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ የኔም መረብ ቢነካ ማንም ምን አይለኝም።» ይኼን ያለው በለሰለሰ ድምፅ ነው፤ ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» በሚልበት ድምፅ።

ሾላው ሥር ሲደርሱ ፈንታነሽን ከበቧት። አንዱ «አስገዝተሽ አስራብሽን» አለ። ሌላው «ቶሎ ሄደሽ አስፈቺው፣ ለመረብ ብቻ ነው ያልኩት በያቸው» አለ። አያ ይሻው ብቻ ሸንበቋቸውን ይዳስሳሉ።

«አላስፈታም፤» አለች ፈንታነሽ።

«ምን ልትበይ ነው ታዲያ?»

«አረም አለ። የሰው ጤፍ አርማለሁ።»

«እኛስ?»

«ለእናንተም አረም ሞልቷል።» ቀጠለችና፣ «እስከ ዛሬ በላይነህን ‹ተው› ስንለው ‹ወንዙን ለብቻችሁ ፈልጋችሁት ነው› ይለናል። ሰውም በሆዱ እንደዚያ ነው የሚለን። አሁን ምን ይላል?» አለች።

ከዚያ ሸንበቆዋን ከነክሩ ሾላው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። ወደ ገበያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ግንባሩን ሊመታው በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው የሰቀለችው። አያ ይሻው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና የራሳቸውን አጠገቡ ሰቀሉ። «በወጣትነቴ እንኳ ይኼን ያህል አልጾምኩም፤» አሉ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ሰቀሉ። ምናለ መጨረሻ ላይ ሰቀለ፤ መንጠቆውን ግን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

«መንጠቆውን ስቀል፤» አለችው።

«ለመርፌ ይሆነኛል ብዬ ነው።»

«ስቀል።»

ሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ያ ሾላ ወሬ ሆነ። ከአንበሳሜ የሚመለስ ሁሉ «ይኼ ምንድነው?» ይላል። ያወቀ ለማያውቅ ይነግራል። «መንጠቆኞቹ ሰቅለው ነው። እስከ መስቀል።» «እነሱም?» «እነሱም።» ይኼ «እነሱም» የሚለው ቃል ከቤት ቤት ዞሮ በላይነህ ሱቅ ድረስ ገባ። ስኳር ልትገዛ የመጣች ሴት ሳትቀር «መቼም የእናንተ ጾም ከበደ» እያለች ታሾፍበት ጀመር።

ፈንታነሽ አረም ገባች። አረሙ የበዛበት ጤፍ የብርሃኑ ስለነበር የብርሃኑን ጤፍ አረመች። እሱ ዳር ላይ ቆሞ ሲያያት ዋለ።

«ዓሣሽ የት ሄደ?» አላት።

«ጾም ላይ ነው።»

«እኔ እኮ ያን ጊዜ በሬዎቹን ተካፈይ ብዬሽ ነበር።»

«አላልከኝም።»

«በሆዴ ብያለሁ።»

«እኔም በሆዴ እንቢ ብያለሁ። እዚያ ጋ አረም ረግጠህ ቆመሃል፣ ፈቀቅ በል።»

ፈቀቅ አለ። ማታ ማታ እጇ አብጦ ነው የምትገባው። ዓሣው ደግሞ ያን ሰሞን ነው ሽቅብ የሚወጣው። ወንዙ ዳር ባለፈች ቁጥር ነጭ ሆድ ብልጭ ሲል ታያለች። እጇ ሳታዝዘው ክር እንደሚስብ ሰው ጭብጥ ይላል። ይኼ ክረምት ካመለጠ፣ እንቁላሉ ጠጠሩ ላይ ካልተጣለ፣ ከመስቀል በኋላ ያ ሸንበቆ የማጀት ማገር ከመሆን ሌላ ሥራ የለውም። እሷም በቀረው ዕድሜዋ የብርሃኑን ጤፍ ስታርም ትኖራለች። ይኼን ስታስብ ወገቧ ራሱ ቀና ይላል።

አንድ ቀን አንበሳሜ ሄደች። ዙለይካ መጥበሻዋን ደፍታ ሳምቡሳ እየሸጠች ነው።

«አንቺም ተገዘትሽ?» አለቻት ፈንታነሽ።

«የእናንተ ግዝት እኔን ምን ሊያደርገኝ? በላይነህ ሰው ልኮብኝ ነበር። ‹አንቺን አይመለከትሽም፣ ዓሣ ልስጥሽ› ይለኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ከፈንታነሽ ጋር ጎረቤት አይደለሁም፣ እድርተኛ አይደለሁም፣ ግን ከሷ ጋር ተጣልቼ ዘይቱ ራሱ አይፈላልኝም አልኩት።» ዙለይካ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ፈንቴ፣ እኔ እንቢ ብል ሌላ ገዢ አለው። ያ ከደብረ ታቦር የሚመጣው ፒካፕ፣ ሾፌሩ ሀብታሙ የሚባለው፣ በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣ። ከዚህ በቆሎ እሸት ይጭንና ለዓሣው ወደ እናንተ መንደር ይወርዳል። ሰሞኑን ያለ ዓሣ ስለሚመለስ ሲነጫነጭ ሰምቼዋለሁ። በላይነህ ብዙ ይታገሣል ብለሽ ነው?»

በላይነህ ብዙ አልታገሠም። እንቁጣጣሽ አልፎ በመጣው የገበያ ቀን ማለዳ፣ ፈንታነሽ ሾላው ሥር ደርሳ ወደ ጅረቱ አፍ ብታይ ውሃው ውስጥ ያልነበሩ ችካሎች ቆመዋል። ጠጋ አለች። በችካሎቹ መካከል ውሃው ነጭ ሆኖ ይላወሳል። መረቡን አልነካችም። ተመልሳ ሾላው ሥር ቆመችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ኡኡ» አለች።

በዚያ አገር ኡኡታ ከተሰማ ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም። ገበያተኛውም ቆመ፤ ቅቤ የያዘች ከነቅሏ፣ ዶሮ የያዘ ከነዶሮው። ጎረምሶቹ መረቡን ከነዓሣው ጎትተው አወጡትና ሾላው ሥር ከመሩት። እንቁላል ያዘሉ፣ ሆዳቸው የተነረተ ዓሦች። አባ ደሳለውም መጡ። አዩና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ «አውጫጪኝ ነው» አሉ።

አውጫጪኝ የቆየ ሥርዓት ነው። ጥፋት ከተሠራ አገሬው ይሰበሰባል፣ አጥፊው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚናገረው ሰው ስሙ እንዳይወጣ ደግሞ «ወፍ ነገረኝ» ይባላል። ወፏ እስክትመጣ ሁሉም ቁጭ ይላል። ጉባኤውን የሚመራው የታወቀ ሰው ነው። የታወቀ ሰው ማለት ደግሞ በላይነህ ነው። ስለዚህ ተጠርቶ መጣ።

ሲመጣ ፊቱ ላይ የነበረውን ቁጣ ያየ ሰው መረቡ የተሰረቀበት ይመስለዋል። ወንበር ቀረበለት። ተነሥቶ ቆመና፣ «ይኼ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፣ የአገር ውርደት ነው፤» አለ። «በኪዳነ ምሕረት ግዝት ላይ የተደፈረ ድፍረት ነው። ባለቤቱ ሳይታወቅ ከዚህች ሾላ ንቅንቅ የሚል ሰው የለም። እኔም ጭምር።» ገበያተኛ ብዙ ስለሆነ በጊዜ ሰልችቶት «ይቅር፣ እንሂድበት» እንደሚል ያውቃል። ነገሩ በዚያው ይዳፈናል።

«ደግ ተናገሩ ዳኛው፤» አለች ፈንታነሽ። ድንጋይ መርጣ ተቀመጠች። ሌሎቹም መንጠቆኞች የየራሳቸውን ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ።

መጠየቅ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል። አይዋሹም ለማለት ይከብዳል፤ አንዳንዱ ይኼን ሲል የሚያየው በላይነህን ሳይሆን የገዛ እግሩን ነው። ፀሐይዋ ከፍ አለች። የሾላው ጥላ ዞረና ዓሣው ፀሐይ ላይ ቀረ። ዝንብ መጣ። ከዝንቡ ቀጥሎ ሽታው መጣ። ነፋሱ ደግሞ ወደ ዳኛው ወንበር ነው የሚነፍሰው።

«ይኼ ዓሣ ወደዚያ ይወገድ፤» አለ በላይነህ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ።

«ግዝት ነው፣ ማን ይነካዋል?» አለች ፈንታነሽ። «ደግሞም ኤግዚቢት ነው።»

አባ ደሳለው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዓሣው እዚያው ቀረ።

ጥሩነሽ የምትባል ቅቤ የያዘች ባልቴት «ቅቤዬ እኮ ወጥ ሊሆን ነው» አለች። ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። ሰው ይቁነጠነጣል፤ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ወገቡን ይይዛል። መንጠቆኞቹ ብቻ አይነቃነቁም። ያው ሥራቸው ነው። አያ ይሻው ግንባር ላይ ዝንብ አርፎ ሄዶ ተመልሶ መጣ፣ እሳቸው ዓይናቸውንም አላርገበገቡ። ምናለ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ያም ሆኖ አልወደቀም።

በላይነህ ስልኩን ያወጣል፣ ያያል፣ ወደ ሰማይ ያነሣዋል፣ መልሶ ይከተዋል። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ፈንታነሽ ይኼን ታያለች። ለማን ሊደውል እንደፈለገም ታውቃለች። ፀሐይዋን አየት አድርጋ ነጠላዋን አስተካከለችና ድንጋዩ ላይ ይበልጥ ተደላደለች።

«ወገኖቼ፤» አለ በላይነህ ተነሥቶ። «ገበያ አላችሁ፣ ከብት አላችሁ። ጉባኤው ለሌላ ቀን ይቀጠር።»

ሰው ግር ብሎ መነሣት ጀመረ።

«ዳኛው፤» አለች ፈንታነሽ። ድምፅዋን አልጨመረችም። «‹ንቅንቅ የሚል የለም፣ እኔም ጭምር› ያሉት እርስዎ ነዎት። ቃልዎን ነው የምንጠብቀው።»

«የሰውን ችግር አይቼ ነው።»

«እኛም ችግራችንን አይተን ነው። ከፍልሰታ ጀምሮ ቁጭ ብለናል፣ አንድ ከሰዓት አይከብደንም።»

ሰዉ ቆመና ሾላው ላይ የተሰቀሉትን ሸንበቆዎች አየ። ከዚያ ወደ አባ ደሳለው አየ። አባ ከድንጋያቸው አልተነሡም። መጀመሪያ የተቀመጠችው ጥሩነሽ ናት፤ «ቀልጦ የለ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል፤» አለችና ቅሏን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ተመቻቸች። ሌላውም ተቀመጠ። በላይነህ ብቻውን ቆሞ ቀረና እሱም ተቀመጠ።

ብዙም አልቆየ፣ ከመሻገሪያው ማዶ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። በላይነህ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ዳኛው፣ ይቀመጡ እንጂ፤» አሉ አያ ይሻው። ዓይናቸው አሁንም ወንዙ ላይ ነው።

ሀብታሙ በረዶ ያለበትን ሳጥን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ተሻገረ። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። የተሰበሰበውን ሕዝብ ሲያይ ለቅሶ መስሎት ፊቱን አጨፈገገና በቀስታ ወደ ዳኛው ቀረበ።

«እግዜር ያጥናችሁ፤» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «አያ በላይነህ፣ ጡሩንባ ብነፋ የሚመጣ ሰው የለም። ዓሣው በጠዋት ይደርሳል ብለው ልከውብኝ ነበር እኮ፤» አለ። ዞር ሲል ክምሩን አየ። «ውይ፣ ይኼማ ፀሐይ መትቶታል። እንደ አምናው ቅጠል አያለብሱትም ነበር?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ዳኛው ወንበር አዞረ።

«ተመስገን፤» አለች ጥሩነሽ። «ወፏ መጣች። በመኪና ነው የመጣች።»

«ይኼን ሰው አላውቀውም፤» አለ በላይነህ።

ሀብታሙ ሳጥኑን ከጭንቅላቱ አወረደ። በእውነት ነው የከፋው። «እንዴ፣ አያ በላይነህ። የትንሹን ልጅዎን ክርስትና ያነሣሁት ሰውዬ ጠፋሁብዎት? እዚሁ ኪዳነ ምሕረት፣ እኒህ አባት እያሉ?»

አባ ደሳለው ቀና አሉ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠመቅሁት፤» አሉ። «ልጅህን ያነሣልህን አበልጅህን ነው የካድከው፣ በላይነህ።»

ሰው መረቡን ይረሳል፣ ግዝት መድፈሩንም ንስሐ አለው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አበልጁን በአደባባይ የካደ ሰው ግን በዚያ አገር ከወንበር ላይ አይቆይም። በላይነህም ይኼን ያውቃል። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወረደና መሬት ላይ ከሌላው ሰው ጋር ተቀመጠ። ነጠላውን አገጩ ድረስ ሳበ።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንዱ «ፈንታነሽ፣ ጮኸሽ የሰበሰብሽን አንቺ ነሽ። ምን ይሁን ትያለሽ?» አላት።

ፈንታነሽ ከድንጋይዋ ተነሣች። ጉልበቷ ቋ አለ።

«መረቡ ይቃጠል። የእድሩ ድንኳን ከእሱ ቤት ይውጣ። ሌላ አልፈልግም።»

በላይነህ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የልቡን ተናገረ። «እኔ ስሞትስ?»

«እንቀብርዎታለን፤» አለች። «እንደማንኛውም ሰው።»

መረቡ እዚያው ተቃጠለ፤ ጭሱ ከዓሣው የባሰ ገማ። ገበያ የቀረባቸው ሴቶች ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን፣ የሬሳ አልጋውን ተሸክመው ወደ አያ ይሻው ቤት አጋዙት። አያ ይሻው ኋላ ኋላ እየተከተሉ «እኔ የት ልተኛ ነው?» ይላሉ። ምናለ፣ «አልጋውማ መጥቶልዎታል አያ» አላቸው።

ሁሉም ሊበተን ሲል አባ ደሳለው ፈንታነሽን ጠሯት። «ጥፋተኛው ታውቋል። ለመንጠቆ ግዝቱን ላንሣላችሁ እንዴ?»

ምናለ አባ ጨርሰው ሳይናገሩ እጁ ሸንበቆው ላይ ደርሷል።

«አይነሣ አባቴ፤» አለች ፈንታነሽ። «እስከ መስቀል ተብሏል።»

«እታለም፣ እባክሽ።»

«እስከ መስቀል።»

ምናለ ሸንበቆውን ለቀቀው። ቅርንጫፉ ላይ ጥቂት ተወዛወዘና ቆመ።

በማግሥቱ ማለዳ ጅረቱ አፍ ላይ ሄደች። ችካሎቹ ተነቅለዋል። ውሃው ሳሳ ብሎ በጠጠሩ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ነጩ ዓሣ እየወጣ ነው፤ ጀርባው ከውሃ ውጭ፣ ጭራው ድንጋይ እየመታ፣ እርስ በርሱ እየተጋፋ። ጎንበስ ብትል በእጇ የምትይዘው ነው። ፈንታነሽ ሁለት እጇን በብብቷ ሥር ሸጎጠችና ቁጭ አለች።

ብርሃኑ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ አጠገቧ ቆመ። ዓሣውን አየ፣ እሷን አየ።

«አንዱን ብታፍሺ ማን ያይሻል?»

«አንተ ቆመህ የለ እንዴ።»

«ለማን ልናገር ብለሽ። ዓሣ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።»

«እሱስ እውነትህን ነው፤» አለች። ቀጥላም፣ «ያ የታችኛው ጤፍህ አረሙ አለቀ?» አለችው።

«የት አልቆ።»

ፈንታነሽ እጇን ከብብቷ ሳታወጣ ተነሣች። «በል በሬዎችህን አጠጣና ና፤» ብላ ወደ ጤፉ ሽቅብ መንገዱን ያዘች።